ስሙን ብቻ የሚደግም መመሪያ፦ የአንድ ወተት ማኅበር የሴቲንግ ጉዳይ

ከእንጦጦ ማዶ፣ ወደ ጎጃም የሚወስደውን መንገድ ተከትለው በተቀመጡት የሱሉልታ መንደሮች ወተት በቀን ሁለቴ ይሰበሰባል፦ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከ10 እስከ 12 ሰዓት። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የአምራቾች ማኅበር አምስት መሰብሰቢያ ነጥቦች አሉት። በእያንዳንዱ ነጥብ አንድ መዝጋቢ፣ አንድ ላክቶሜትር (የወተቱን ዴንሲቲ፣ ማለትም እፍጋቱን፣ የሚለካ መሣሪያ)፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ትንሽ የደረሰኝ ማተሚያ አለ። መዝጋቢዋ የአምራቹን መለያ ቁጥር፣ ሊትሩንና የላክቶሜትሩን ንባብ ታስገባለች። ፕሮግራሙ ወተቱን ይቀበላል ወይም ይመልሳል፣ ደረሰኝ ያትማል፣ መዝገቡን በሞባይል ዳታ ዋናው ቢሮ ወዳለው ሰርቨር ይልካል፣ በየ15 ቀኑም ሒሳብ ያሰላል።

ፕሮግራሙ ደህና ፕሮግራም ነው። ጠባዩን የሚወስኑት በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ የተዘረዘሩ 34 ሴቲንጎች ሲሆኑ፣ ከእነሱ ጋር ሁለት ገጽ መመሪያ ተሰጥቶ ነበር። ከመመሪያው አምስት መስመር እንዳለ ይኸውና። በፋይሉ ውስጥ ስሞቹ በላቲን ፊደል ናቸው፤ እዚህ በእኛ ፊደል ተጽፈዋል።

ባክአፕ_ሀወር፦ የባክአፕ ሰዓት።
ኔትወርክ_ታይምአውት፦ የኔትወርክ መጠበቂያ ጊዜ።
ሚን_ዴንሲቲ፦ ዝቅተኛው ዴንሲቲ።
ማክስ_ሊትር፦ ከፍተኛው ሊትር።
ፔይ_ፔሪየድ፦ የክፍያ ጊዜ።

አንዱም መስመር ስህተት የለበትም። ነገር ግን አንዱም ስሙ ያልተናገረውን አልተናገረም። ፋይሉን የከፈተ ሰው ባክአፕ_ሀወር ስለ ባክአፕ ሰዓት መሆኑን ገምቷል፤ መመሪያ ያስፈለገው ስሙን አይቶ መገመት ለማይችለው ነገር ነው። በየትኛው አቆጣጠር ያለ ሰዓት? በየትኛው መለኪያ? 0 ቢጻፍ ምን ይሆናል? ለውጡ መቼ ይሠራል? መሥራቱስ በምን ይታወቃል? በማኅበሩ ላይ የደረሱት ችግሮች በሙሉ ከእነዚህ ጥያቄዎች ከአንዱ የመነጩ ነበሩ።

የባክአፑ ሰዓት

የማኅበሩ ቴክኒሻን ባክአፑ (ወደ ፍላሽ ዲስክ የሚገለበጠው የመዝገቡ ቅጂ) ከጠዋቱ ርክክብ በኋላ እንዲወሰድ ፈልጎ 3 ብሎ ጻፈ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ፕሮግራሙ ግን የሚያነበው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ ለእሱ 3 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ክፍሉ ተቆልፎ፣ የላፕቶፑ ክዳን ተዘግቶ፣ ማሽኑ ተኝቷል። ፕሮግራሙ ደግሞ ያለፈውን ሰዓት መለስ ብሎ አያይም፤ ሰዓቱ ካመለጠው እስከሚቀጥለው ሌሊት ይጠብቃል። ይህ የእሱ ብቻ ጠባይ አይደለም። በዩኒክስ ማሽኖች ላይ ሥራን በተወሰነለት ሰዓት የሚያስጀምረው ክሮንም ማሽኑ ጠፍቶ ያመለጠውን ሥራ አያካክስም፤ አናክሮን የሚባለው መሣሪያ የተሠራው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

በዚህ መካከል የስህተት መልእክት የለም፣ ቀይ መብራት የለም፣ መዝጋቢዋ የምታየው ለውጥ የለም። የአንዱ ነጥብ ሃርድ ዲስክ ሲበላሽና ፍላሽ ዲስኩ ሲከፈት ውስጡ የተገኘው ፕሮግራሙ በተጫነበት ዕለት በእጅ የተገለበጠው ቅጂ ብቻ ነበር። ወደ ሰርቨሩ ያልተላከው የርክክብ መዝገብ በአምራቾች እጅ ካሉ ደረሰኞች አንድ በአንድ እንደገና ገባ።

የሰዓት ጉዳይ ለእኛ አገር ሴቲንግ ጸሐፊ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ቦታ ነው። ሁለቱም አቆጣጠሮች በየዕለቱ በእጃችን አሉ፤ ስልኩ በአንዱ ያሳያል፣ አፍ በሌላው ይናገራል። ስለዚህ «በ24 ሰዓት አቆጣጠር» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የስድስት ሰዓት ልዩነቱን አንባቢው እንዲያሰላ መተውም አይገባም፤ ቀን ላይ ቀላል የሆነው ስሌት ሌሊት ላይ ያሳስታል። ሰንጠረዡን አዘጋጅቶ መስጠት ይሻላል፦ 6 ሲጻፍ ከጠዋቱ 12፣ 9 ሲጻፍ ከጠዋቱ 3፣ 13 ሲጻፍ ከቀኑ 7፣ 18 ሲጻፍ ከምሽቱ 12፣ 21 ሲጻፍ ከምሽቱ 3፣ 2 ሲጻፍ ከሌሊቱ 8።

ዜሮ

በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ላሚቱ ግን አትጾምም። ማኅበሩ በዚህ ወቅት የማታውን ርክክብ ይቀንሳል። ማክስ_ሊትር ለአንድ አምራች በአንድ ርክክብ 20 ሊትር ተደርጎ ነበር። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ ከሩቁ ነጥብ የማታ ወተት ጨርሶ እንዲቀር ወሰኑና ለቴክኒሻኑ ደወሉ፦ «ከነገ ጀምሮ የማታውን አንቀበልም፤ ዜሮ አድርግልኝ።» «እሺ ጋሼ» አለና 0 ጻፈ።

በፕሮግራሙ ውስጥ 0 ማለት «ገደብ የለም» ነበር። መዝጋቢዋ ወተት የምትመልሰው ስክሪኑ ሲመልስ ነው፤ ስክሪኑ ምንም አልመለሰም። በዚያ ማታ ከ20 ሊትር ገደቡ በፊት እንደነበረው ሁሉም ያመጣው ሁሉ ገባ፣ ማቀዝቀዣው ሞላ፣ የተረፈው በጣሳ አደረ።

ይህን በቴክኒሻኑ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ዜሮ ሊትር ማለት ምንም አለመቀበል ነው ብሎ የማያስብ ሰው የለምና። በሶፍትዌር ዓለም ግን 0 አንድ ትርጉም የለውም። ፖስትግሬስ በተባለው የመረጃ ቋት (ዳታቤዝ) የጥያቄ ጊዜ ገደብ ላይ 0 ማለት ገደቡ ጠፍቷል ነው። እዚያው ፖስትግሬስ ውስጥ ዘገምተኛ ጥያቄዎችን በሚመዘግበው ሴቲንግ ላይ ደግሞ 0 ማለት ሁሉንም መዝግብ ሲሆን፣ ማጥፊያው -1 ነው። ኤንጂንኤክስ በተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር የሚላክ ፋይል መጠን ላይ ዲፎልቱ (ምንም ሳይጻፍ ሲቀር የሚሠራበት) 1 ሜጋባይት ነው፤ 0 ሲደረግ መጠኑን መፈተሽ ይቀራል። ይህ ሁሉ በየመመሪያቸው በግልጽ ተጽፏል፤ ባይጻፍ ማንም አይገምተውም። የቁጥር ሴቲንግ መግለጫ ሲጻፍ 0፣ -1 እና ባዶ ቦታ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚያደርጉ መጻፍ ግዴታ ነው። «0 አይፈቀድም» ከሆነም ያው ይጻፍ።

መለኪያ

የመለኪያ ስህተት ሁለት ጊዜ ደርሷል፤ ልዩነታቸው ያስተምራል። ላክቶሜትር ላይ 28 የሚለው ንባብ 1.028 ማለት ነው። ሚን_ዴንሲቲ የሚጠብቀው ሁለተኛውን አጻጻፍ ሲሆን ቴክኒሻኑ በመሣሪያው ላይ እንደሚያነበው 27 ብሎ ጻፈ። በማግስቱ የመጀመሪያው አምራች ወተት ተመለሰ፣ የሁለተኛውም ተመለሰ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ስልክ ተደውሎ ተስተካከለ። ጮክ ብሎ የሚጮህ ስህተት ራሱን ያጋልጣል።

ኔትወርክ_ታይምአውት ግን ተንኮለኛ ነበር። ዲፎልቱ 15000 ነው። ቁጥሩ የበዛ ስለመሰለ «30 ሰከንድ ይበቃል» ተብሎ 30 ተጻፈ። መለኪያው ሚሊሰከንድ ስለነበር ፕሮግራሙ የሰርቨሩን መልስ ለመጠበቅ የቀረው የአንድ ሰከንድ 3 መቶኛ ብቻ ሆነ። በሞባይል ዳታ ላይ የተመሰጠረ ግንኙነት ለመክፈት ብቻ ብዙ ምልልስ ያስፈልጋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አይጠናቀቅም። እያንዳንዱ መላክ ከሸፈ፣ መዝገቡ «ያልተላከ» በሚለው ወረፋ ላይ ተከማቸ። መዝጋቢዋም ዋናው ቢሮም ጥፋቱን የሰጡት ለኔትወርኩ ነው፤ በዚህ አካባቢ ኔትወርክ ይቆራረጣልና ማንም አልተጠራጠረም።

ሰከንድ ወይስ ሚሊሰከንድ የሚለው ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል። ፖስትግሬስ የጥያቄ ጊዜ ገደቡን መለኪያ ሳይጻፍ ቁጥር ብቻ ከተሰጠው በሚሊሰከንድ ያነበዋል፤ የሌላው የመረጃ ቋት የማይኤስኪውኤል የመጠበቂያ ጊዜ ግን በሰከንድ ነው፣ ዲፎልቱም 28800፣ ማለትም 8 ሰዓት ነው። መለኪያውን በመግለጫው መጻፍ ዝቅተኛው ግዴታ ነው። ከዚያ የሚሻለው በስሙ ውስጥ ማስገባት ነው፤ የፕሮግራሙ ሠሪዎች በኋላ ስሙን ኔትወርክ_ታይምአውት_ሚሊሰከንድ አደረጉት። ረጅም ስም ነው፣ ግን ፋይሉን የከፈተ ሁሉ መመሪያውን ባይዝ እንኳ ያየዋል።

ለውጡ የዘገየበት

ከሁሉ ይልቅ ምርመራውን ያወሳሰበው ሌላ ነገር ነበር። ፕሮግራሙ የሴቲንግ ፋይሉን የሚያነበው ሲከፈት ብቻ ነው። መዝጋቢዎቹ ደግሞ ማታ ክዳኑን ይዘጋሉ እንጂ ፕሮግራሙን አይዘጉም፤ ማሽኑ ተኝቶ ሲነቃ ፕሮግራሙ በነበረበት ይቀጥላል። ስለዚህ አንድ ለውጥ ተጽፎ ለቀናት ሳይሠራ ይቆያል። ከዚያ መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ይጠፋል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ማሽኑ እንደ አዲስ ይነሣል፣ ከሳምንት በፊት የተጻፈውም ለውጥ ያን ዕለት ሥራ ይጀምራል። ሰው የሚያገናኘው ችግሩን ከመብራቱ መጥፋት ጋር ነው። የታይምአውቱ ችግር የተጀመረው እንዲህ ነው፤ «መብራት ሲጠፋ ሞደሙ ተቃጥሏል» ተብሎ ሞደም ተቀይሮ ነበር።

ፖስትግሬስ ለዚህ ጥሩ ልማድ አለው። ለእያንዳንዱ ሴቲንግ ለውጡ ሪስታርት የሚፈልግ መሆን አለመሆኑን ይናገራል፤ በፋይሉ ተቀይሮ ሪስታርት እየጠበቀ ያለውንም ለይቶ የሚያሳይ ዓምድ አለው። ትንሽ ፕሮግራም ይህን ያህል ባይሠራም አንድ መስመር መጻፍ አያቅተውም።

ጳጉሜ

ፔይ_ፔሪየድ 15 ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ማኅበሩ የሚከፍለው ወር በገባ በ15 እና በ30 ስለሆነ። ፕሮግራሙ ግን የሚያውቀው 15 ቀን መቁጠርን ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ወራት ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ ሁለቱ አሠራሮች ከመስከረም እስከ ነሐሴ ፍጹም አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚታየው ጳጉሜ ላይ ነው። ከጳጉሜ 1 የጀመረው ክፍያ መስከረም 10 ላይ ያልቃል፣ ቀጣዩ መስከረም 25 ላይ፣ እያለ ዓመቱን ሙሉ በ5 ቀን ተዛንፎ ይሄዳል። እንደ 2015 ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ደግሞ መዛነፉ 6 ቀን ነው፤ ቀጣዩ እንዲህ ያለ ዓመት 2019 ነው። አምራቾች በአዲስ ዓመት ማግስት ደመወዝ እንደሚጠብቅ ሰው ክፍያቸውን ይጠብቃሉና ቅሬታው ቀላል አልነበረም።

ለዚህኛው መግለጫ ሲዘጋጅ ጸሐፊው ሐቁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስፈር አቃተው፦ «15 ከጻፉ በየ15 ቀኑ ነው፤ በየግማሽ ወሩ እንዲሆን ከፈለጉ በየዓመቱ መስከረም 1 መነሻ ቀኑን እንደገና ይጻፉ፤ የጳጉሜን ክፍያ ለብቻ ያስሉ።» ለመግለጽ እንዲህ የሚያስቸግር ሴቲንግ ጥፋቱ ያለው በሴቲንጉ ነው። ጸሐፊው አጽድቶ ለመጻፍ ከመታገል ይልቅ ጉዳዩን ለሠሪዎቹ መለሰ፤ «ግማሽ_ወር» የሚል አማራጭ ተጨመረ፣ ጳጉሜ ከነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ ጋር እንድትከፈል ተደረገ። መግለጫውም አንድ መስመር ሆነ።

መመሪያው እንደገና ሲጻፍ

ሥራው የተጀመረው አሮጌውን መመሪያ በማሻሻል አልነበረም። ዝርዝሩ በቀጥታ ከፕሮግራሙ ኮድ ወጣ። ወዲያው ሦስት ነገር ታየ፦ ኮዱ የሚያነባቸው መመሪያው ግን የማያውቃቸው ሴቲንጎች፣ መመሪያው የሚዘረዝራቸው ኮዱ ግን የተዋቸው፣ ዲፎልታቸው በሁለቱ ቦታ የተለያየ። ዲፎልትን ከትውስታ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ትውስታ ደግሞ ከሁለት እትም በፊት የነበረውን ይነግርሃል።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ሴቲንግ በሙከራ ማሽን ላይ ተነካ፦ ሳይጻፍ ሲቀር፣ 0 ሲሆን፣ አሉታዊ ሲሆን፣ እጅግ ሲበዛ፣ ስሙ ሲሳሳት። ስሙ ሲሳሳት የታየው ከሁሉ ያስደነግጣል። ባክአፕ_ሀወርስ ተብሎ አንድ ፊደል ቢጨመር ፕሮግራሙ መስመሩን ዝም ብሎ ይዘለውና በዲፎልቱ ይሠራል። ይህም በመመሪያ የሚፈታ አይደለም፤ አሁን ፕሮግራሙ ሲከፈት «ያልታወቀ ሴቲንግ፣ መስመር 12» ብሎ ያቆማል። ማክስ_ሊትርም 0 ሲጻፍበት አይቀበልም፤ ገደብ የማይፈልግ «ገደብ_የለም» ብሎ ይጽፋል፣ ርክክብ ማቆም የፈለገ ወደ ሌላ ሴቲንግ ይመራል።

ከዚያ መግለጫዎቹ ተጻፉ። የባክአፑ አሁን ይህን ይመስላል፦

ባክአፕ_ሀወር
ምን ያደርጋል፦ የዕለቱ መዝገብ ወደ ፍላሽ ዲስክ የሚገለበጥበት ሰዓት።
ምን ይጻፋል፦ ከ0 እስከ 23 ያለ ሙሉ ቁጥር፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከፈለጉ 9 ይጻፉ። የቀረውን ከሰንጠረዥ 1 ይመልከቱ።
ካልተጻፈ፦ 2፣ ማለትም ከሌሊቱ 8 ሰዓት።
መቼ ይሠራል፦ ፕሮግራሙን ዘግተው ሲከፍቱ። ክዳን መዝጋት አይበቃም።
ጥንቃቄ፦ በዚያ ሰዓት ማሽኑ ከጠፋ ወይም ክዳኑ ከተዘጋ የዕለቱ ባክአፕ ይቀራል፤ በኋላ አይካካስም። ማሽኑ ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት ይምረጡ።
በምን ይታወቃል፦ ከሰዓቱ በኋላ ፍላሹን ይክፈቱ። የዕለቱን ቀን የያዘ ፋይል ሊኖር ይገባል። ከሌለ ወይም መጠኑ 0 ከሆነ አልተወሰደም።
ምሳሌ፦ ባክአፕ_ሀወር = 9

ከሁሉም መስመሮች ዋጋው የሚበልጠው «በምን ይታወቃል» የሚለው ነው። በድምፅ የማይጮሁ ስህተቶች ሁሉ በዚያ መስመር ይያዛሉ። ለመጻፍም ከሁሉ ይከብዳል፤ ጸሐፊው ሴቲንጉን ራሱ ቀይሮ ውጤቱን ካላየ ሊጽፈው አይችልም። ለሁሉም 34ቱ ይህን ያህል መጻፍ ግን አያስፈልግም፤ የደረሰኙ ግርጌ ጽሑፍ በአንድ መስመር አለቀ። ጉልበቱ የዋለው ሲሳሳቱ ዝም በሚሉት ላይ ነው።

አሮጌው መመሪያ በሰርቨር አድራሻውና በመለያ ቁልፉ ላይ «አይንኩ» ብቻ ይል ነበር። ምክንያት የሌለው «አይንኩ» ሰው ችግር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚነካው ነው። አሁን «ከተቀየረ መዝገቡ ወደ ቢሮ መድረሱ ይቆማል፤ ቁልፉ ሲጠፋ የሚሰጠው ከዋናው ቢሮ ብቻ ነው» ይላል።

ከዚያ ረቂቁ ለአንዲት የሌላ ነጥብ መዝጋቢ ተሰጠና «የማታውን ርክክብ ዝጊ» ተባለች፤ ማንም ሳያግዛት። «ማታ» የሚል ቃል ፈለገች፣ አጣች። ሴቲንጉ ስሙ ሴሽን_2 ነበር፤ በፊደል ተራ መሃል ላይ ተቀምጧል። ሰው ወደ መመሪያ የሚመጣው የሴቲንጉን ስም ይዞ አይደለም፤ ሥራ ወይም ችግር ይዞ ነው። ስለዚህ የፊደል ተራው ቀርቶ ሴቲንጎቹ በሥራ ተከፋፈሉ፦ ርክክብ፣ መላክ፣ ባክአፕ፣ ክፍያ፣ ደረሰኝ። ፊት ለፊት አንድ ገጽ ተጨመረ፤ በስተግራ «ባክአፕ አልተገኘም»፣ «ያልተላከ ቁጥሩ ይጨምራል»፣ «ርክክብ ማቆም እፈልጋለሁ» የሚል፣ በስተቀኝ የሚታየው ሴቲንግ።

ፋይሉን በእጅ ስለማስተካከልም አጭር ክፍል ገባ። ኪቦርዱ በአማርኛ እንደሆነ ሲቀር በላቲኑ ኮማ «,» ፈንታ «፣» ይገባል፣ ፕሮግራሙም መስመሩን አያነብም። ከዎርድ የተገለበጠ መስመር ቀጥ ያለው የጥቅስ ምልክት ወደ ጥምዝ ይለወጥበታል። የአምራቾች ስም ያለበት ፋይል ኤኤንኤስአይ በተባለው የፊደል ኮድ ከተቀመጠ ፊደሎቹ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናሉ፤ ዩቲኤፍ-8 መመረጥ አለበት። አዲሱ ኖትፓድ፣ ከዊንዶውስ 10 የ1903 እትም ጀምሮ፣ አዲስ ፋይል በራሱ እንዲህ ያስቀምጣል፤ ከነጥቦቹ ላፕቶፖች ግን አንዳንዶቹ ያረጁ ናቸው።

መግለጫዎቹ በሁለት ቦታ ይቀመጣሉ። አንደኛው በሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ ከየሴቲንጉ በላይ እንደ ማስታወሻ፣ ኔትወርክ በሌለበትም የሚታይ፤ ሁለተኛው ታትሞ በየነጥቡ ግድግዳ ላይ። ሁለት ቅጂ ሲኖር አንዱ ሳይታደስ መቅረቱ አይቀርምና ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይወጣሉ፤ በራስጌያቸው የፕሮግራሙ እትም ቁጥርና ቀኑ በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ይጻፋል። ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ስክሪኑ ግርጌ ከሚታየው ጋር ካልገጠመ ወረቀቱ አሮጌ ነው።

የአፋን ኦሮሞው ቅጂ እየተዘጋጀ ነው፤ ከአምስቱ ነጥቦች በሁለቱ መዝጋቢዎቹ የሚቀናቸው በቁቤ ማንበብ ነው። የሴቲንጎቹ ስም፣ ምሳሌዎቹና የሰዓት ሰንጠረዡ እንዳሉ ይቆያሉ። ኮዱ ስማቸውን ቢያውቅም የማይጠቀምባቸው ሁለት ሴቲንጎች እስከሚቀጥለው እትም ድረስ ፋይሉ ውስጥ ይቆያሉ፤ ከላያቸው «አይሠራም፤ ቢቀይሩትም የሚያመጣው ለውጥ የለም» ተብሎ ተጽፎባቸዋል።